መልስ፦ የአዲስ አበባ ሰውና የኢንካ መንገድ ከፍታ

ወንድሜ፣ «አዲስ አበባ ለኖረ ሰው በፔሩ ወደ ጥንታዊቷ የኢንካዎች ከተማ ማቹ ፒቹ የሚወስደው የ4 ቀን የእግር ጉዞ (የኢንካ መንገድ) ከፍታው ይከብዳል ወይ?» ላልከው፣ የለመድከው አየር ይረዳሃል እንጂ አይበቃህም። ለጉዞው የምትነሳባት ከተማ ኩስኮ ራሷ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በ2ኛው ቀን የምትሻገረው ዋርሚዋኙስካ የሚባለው የተራራ ማለፊያ በር ደግሞ 4,215 ሜትር ይደርሳል። ቢያንስ ሁለት ሌሊት ኩስኮ እደር። ራስ ምታቱ ማስመለስ ከጨመረ ወይም እግርህ ከተንገዳገደ፣ ለአስጎብኚው ነግረህ ውረድ፤ «ትንሽ ልሞክር» ማለት አደገኛ ነው።

ጉልበት የሚጨርሰው ግን ዳገቱ ሳይሆን ከበሩ ወዲያ ያለው የድንጋይ ደረጃ ቁልቁለት ነው። ጫፉ ጎማ የለበሰ ምርኩዝ ያዝ፤ ባዶ ብረት ጥንታዊውን ድንጋይ ይፍቃል። የመንገዱ መግቢያ ፈቃድ አስጎብኚና ተሸካሚ ተቆጥሮ በቀን 500 ሰው ብቻ ስለሆነ ከወራት በፊት ያዝ። በፓስፖርት ቁጥር ስለሚወጣም ለሌላ አይተላለፍም። ፌብሩዋሪን አትምረጥ፣ መንገዱ ለጥገና ይዘጋል።