ቺፑን ከመቀየርዎ በፊት ፋይበሩን ይመልከቱ

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ቤተ ሙከራ የሚሠሩ አንባቢ ብርሃንን በፖላራይዜሽኑ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ መስኩ በሚርገበገብበት አቅጣጫ፣ ለሁለት የሚከፍል የሲሊከን ቺፕ አላቸው። በሁለቱ መውጫዎች መካከል 20 ዴሲቤል (መቶ እጥፍ) ልዩነት መኖር ሲገባው ጠዋት 15፣ ከሰዓት 6 ይሆንባቸዋል። የተሰበረውን የመግቢያ ፋይበር፣ ብርሃኑን ወደ ቺፑ የሚያደርሰውን የብርጭቆ ክር፣ ቀደም ሲል አንድ የኔትወርክ ሠራተኛ ቀጥሎላቸዋል። «ሌላ ቺፕ እንዘዝ?» ብለው ይጠይቃሉ።

አይዘዙ። እኔ የምጠረጥረው ያንን ቅጥል ነው። ቺፕ በግማሽ ቀን ውስጥ ይህን ያህል ጠባዩን አይለውጥም፤ ተራ ፋይበር ግን ክፍሉ ሲሞቅም ሆነ ሰው ሲነካው ፖላራይዜሽኑን ያዞራል።

ከሁሉ በፊት፦ የ1550 ናኖሜትር ሌዘር ለዓይን አይታይም። ኮኔክተር (የፋይበሩን መሰኪያ) ሲነቅሉ ሌዘሩ ይጥፋ፤ የፋይበር ጫፍ ውስጥ ፈጽሞ አይመልከቱ።

አሁን ሁለቱን መውጫዎች እየለኩ የመግቢያውን ፋይበር በቀስታ ጎንበስ ቀና ያድርጉት። አንዱ ሲጨምር ሌላው ከቀነሰና ድምራቸው ካልተለወጠ ጥርጣሬዬ ልክ ነው። ድምሩን በሚሊዋት ይሥሩ፤ ዴሲቤል አይደመርም።

ምክንያቱን ሳልናገር አላልፍም። በእንዲህ ዓይነት ቺፕ ላይ የብርሃኑ መስመር ብዙውን ጊዜ 220 ናኖሜትር ውፍረትና 500 ናኖሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ማለትም ጠፍጣፋ ነው። ኤሌክትሪክ መስኩ ከቺፑ ገጽ ጋር የተጋደመው ብርሃን፣ ቲኢ የምንለው፣ በሲሊከኑ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይሄዳል። መስኩ ቀጥ ብሎ የቆመው ቲኤም ግን ከመስመሩ ውጭ ይገነፍላል። ሁለት መስመሮች ተጠጋግተው ሲሠሩ የገነፈለው ቲኤም ጎረቤቱን ስለሚያገኝ በአጭር ርቀት ይሻገራል፤ ቲኢ በአብዛኛው ባለበት ይቀራል። ክፍፍሉ ይኸው ነው፤ መስታወት የለ፣ ተንቀሳቃሽ ነገር የለ። ታዲያ ቺፑ የሚለየው የሰጡትን ነው። የሚገባው ብርሃን በ6 ዲግሪ ብቻ ከዞረ 1 በመቶው ወደ ማይገባው መውጫ ይሄዳል፤ 20 ዴሲቤልዎ እዚያው አለቀ። 20 ዲግሪ ከዞረ ደግሞ 9 ዴሲቤል ገደማ ይቀርዎታል።

የቅጥሉን ፋይበር ጫፍ በማይክሮስኮፕ ይዩት። ፖላራይዜሽን የሚጠብቀው ፓንዳ ፋይበር ከኮሩ (ብርሃኑ ከሚሄድበት መሃል) ግራና ቀኝ ሁለት ክብ ዘንጎች አሉት። ከሌሉ ተራ የስልክ መስመር ፋይበር ገጥመውልዎታል ማለት ነው። ዘንጎቹ ቢኖሩም አይመኑ፤ የተለመደው የመቀጠያ ማሽን ኮሩን ከኮር ያገናኛል እንጂ ዘንጎቹን አዙሮ አያስተካክልም። ቅጥሉን ቆርጠው ያውጡና ዘንግ በሚያስተካክል ማሽን ያስቀጥሉ፤ ካልተገኘ በሁለቱም ጫፍ ኮኔክተር የተገጠመለት ፓንዳ ገመድ ይጠቀሙ። አስማሚውን፣ ሁለት ኮኔክተሮችን የሚያገናኘውን ቀለበት፣ ግን ከመርካቶ በርካሽ አይግዙ! የኮኔክተሩ ቁልፍ (አቅጣጫውን የሚይዘው ጉጥ) ጠባብ፣ የአስማሚው ማስገቢያ ሰፊ ሲሆን ገመዱ በቦታው ይወዛወዛል፣ አቅጣጫውም ይዛባል፤ ውድ ፋይበር ገዝቶ በርካሽ ቀለበት ማበላሸት ያናድደኛል።

በሥራው መካከል መብራት ቢሄድ የሌዘሩን የኤሌክትሪክ መሰኪያ ይንቀሉ። አንዳንዱ ሌዘር መብራት ሲመለስ ራሱ ይበራል፤ የማይታይ ብርሃን ነው፣ ደግሜ እላለሁ።

በሙከራው ጊዜ ሁለቱም መውጫዎች አብረው ከወረዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ፋይበሩን ከቺፑ ጋር የያዘው ሙጫ ለቅቆ ሊሆን ይችላል። እሱን በእጅ አይነካኩት፤ የማይክሮሜትር መድረክ (ፋይበሩን በጥቃቅን ርቀት የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ) ላለው ሰው ይውሰዱት።