ጠይቁን፦ ኤሊ ፍላሽ ለምን ትጠላለች? ሳላስ በረሃ ላይ ምን ይጠጣል?

ጥያቄ፦ ኦማን ውስጥ ሰው ቤት እሠራለሁ። ባለፈው ልጆቹን ይዘን የባህር ኤሊ ለማየት ወጥተን ነበር። ማታ ኤሊዋ ወደ አሸዋው ስትመጣ ስልኬን አውጥቼ ፍላሽ ባበራ አስጎብኚው ጮኸብኝ። ሰው ፊት አፈርኩ። ግን ፎቶ ባነሳት ምን ትሆናለች?
(እህታችሁ ከሙስካት)

መልስ፦ እህቴ፣ መጮሁ ደግ ባይሆንም ሰውየው እውነት አለው። ኤሊዋ ከባህር ስትወጣ ድንጉጥ ናት፤ መብራት ካየች እንቁላሏን እንደያዘች ልትመለስ ትችላለች። ከተረጋጋች ግን ጉድጓድ ቆፍራ 100 ገደማ እንቁላል ትጥላለች። የባሰው ጉዳት ጫጩቶቹ ላይ ነው። ሁለት ወር ያህል ቆይተው በሌሊት ከአሸዋው ሲወጡ ባህሩን የሚያገኙት ደመቅ ወዳለው አቅጣጫ በመሄድ ነው፣ መብራት በሌለበት ዳርቻ ደግሞ ደመቅ የሚለው ባህሩ ነው፣ አምፖል ካለ ግን ወደ አምፖሉ ይሄዱና ወይ ቀበሮ ይበላቸዋል ወይ ሲነጋ ፀሐይ ያደርቃቸዋል። እንደ ራስ አል ጂንዝ ባሉ የታወቁ ቦታዎች በጨለማ የሚያስጎበኙት ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ ጫጩቱ ወንድ ይሁን ሴት የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት ነው። ሞቅ ካለ ሴት ይበዛል።

ጥያቄ፦ አዋሽ ፓርክ ሳላ አይቻለሁ። የኳታር አየር መንገድ አርማ ላይ ያለውም ሳላ ነው ይሉኛል። ያ ሁሉ በረሃ ላይ ምን ይጠጣል?
(ጡረተኛ መምህር፣ አዳማ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። የዓረቡ ሳላ ነጭ ነው፣ በቁመትም ከአዋሹ ያንሳል። ኦማን ውስጥ ጂዳት አል ሐራሲስ የሚባል ደረቅ ሜዳ አለ። ዝናብ ለዓመታት ሊጠፋ ይችላል፤ ከዓረብ ባህር የሚነሳው ጭጋግ ግን ሌሊት እየገባ ቅጠሉ ላይ ጤዛ ይሆናል። ሳላው ቅጠሉን ከነጤዛው ይግጣል፣ ቀን ደግሞ ጥላ ፈልጎ ይተኛል። በቃ፣ ወንዝ አያስፈልገውም።

የሚያበሽቀኝ የሰው ነገር ነው። በመኪና እያሳደዱ ተኩሰው ተኩሰው እ.ኤ.አ. በ1972 የመጨረሻዎቹን የዱር ሳላዎች እዚያው ሜዳ ላይ ጨረሷቸው። ደግነቱ በ1962 ጥቂቶች ከነሕይወታቸው ተይዘው ነበርና አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ፊኒክስ በሚገኝ የእንስሳት ማቆያ ተዋልደው በዙ። በ1982 ወደ ኦማን ተመለሱ፤ የሐራሲስ ጎሳ ሰዎች ጠባቂ ሆኑላቸው፣ ቁጥራቸውም 450 ደረሰ። ከዚያ በ1996 ሕገወጥ አዳኝ እንደገና ገባ። በ2007 የቀሩት 65 ነበሩ። መንግሥት ሳላዎቹ የሚጠበቁበትን ጥብቅ ቦታ 90 በመቶ ሲቀንሰው ዩኔስኮ ከዓለም ቅርስ መዝገብ ሰረዘው። ከመዝገቡ ሲሰረዝ የመጀመሪያው ነው! ሳላው ራሱ ግን ሌሎች አገሮችም ስላረቡት አልጠፋም።

ጥያቄ፦ ዓሣ ነባሪ በየዓመቱ አገር አቋርጦ ይሄዳል ሲባል እሰማለሁ። የኦማኑ አይሄድም የሚባለው እውነት ነው?
(ተማሪ፣ ባህር ዳር)

መልስ፦ እውነት ነው። የኦማኖቹ ሀምፕባክ የሚባል የዓሣ ነባሪ ዓይነት ናቸው፤ ሌላ ቦታ ያሉት ሀምፕባኮች ለመብል ወደ ቀዝቃዛ ባህር፣ ለመውለድ ወደ ሞቃቱ ይመላለሳሉ። እነዚህን ግን ምግቡ ራሱ ይመጣላቸዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ኸሪፍ የሚሉት ነፋስ የላይኛውን ውሃ ከዳር ይገፋዋል፣ ከሥር ቀዝቃዛና ምግብ የሞላበት ውሃ ይወጣል፣ ዓሣው ይንጋጋል። የኦማኗን ከተማ ሳላላን አረንጓዴ የሚያደርጋትም ይኸው ነፋስ ነው። ታዲያ ለምን ይሂዱ?

ችግሩ ጥቂት ናቸው፤ በኦማን ዳርቻ ከ100 አይበልጡም ተብሎ ነው የሚገመተው። በ1960ዎቹ የሶቪየት መርከቦች ከ200 በላይ ገድለውባቸዋል፣ ዛሬ ደግሞ የሚፈሩት የዓሣ መረብና ትልልቅ መርከብ ነው። ከሌሎቹ ከተለዩ ወደ 70,000 ዓመት ገደማ ስለሆናቸው የወንዶቹ ዜማ እንኳ ሌላ ባህር ካሉት ጋር አይመሳሰልም።