ከዓመታት በኋላ ወደ ሮቦት ሞዴል ስመለስ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ተማሪ ሳለሁ የፕላስቲክ ሮቦት ሞዴሎችን እየገጣጠምኩ ቀለም እቀባ ነበር። ከዚያ ሥራና ትዳር መጣ፣ ተውኩት። ሰሞኑን ካርቶኑን ስከፍት ግማሹ የተቀባ ትልቅ ሮቦትና የቆዩ ቀለሞች አገኘሁ። በጣም ጓጉቻለሁ፤ እጄ ይታዘዝልኝ እንደሆነ ግን እንጃ። ያቋረጥኩትን ልጨርስ ወይስ አዲስ ልጀምር? ቀለሞቹስ ይሠራሉ?

መልስ፦ እንኳን ተመለስክ! ያቋረጥከውን ለጊዜው ተወውና ትንሽ አዲስ ሞዴል ጀምር። ያኔ ምን ከምን ቀላቅለህ እንደቀባኸው አሁን አታስታውስም፣ ያንኑ ቀለም ለማምጣት ስትታገል ደግሞ ጉጉትህ እዚያው ያልቃል። መጀመሪያ አንድ ነገር ጨርስ። የትልቁን ቀለም ማስለቀቅ ከፈለግህ ግን እባክህ ላከር ቲነር (ላከር የተባለውን ቀለም ማቅጠኛ) ውስጥ እንዳትነክረው፤ ፕላስቲኩን ይበላዋል።

የትኛውን ልግዛ ካልክ፣ የጃፓኑ አሻንጉሊት አምራች ባንዳይ ጋንዳም በተባለው የካርቱን ታሪክ ያሉትን ሮቦቶች ሞዴል መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። የመጀመሪያዎቹ ማጣበቂያ ይፈልጉ ነበር፣ ቀለም ካልተቀቡም መልክ አልነበራቸውም። የዛሬዎቹ ተጫን ሲሏቸው ይገጥማሉ፣ ፕላስቲኩም ባለቀለም ሆኖ ይመጣል። ለአንተ ኤችጂ የሚባለው ደረጃ ይበቃሃል። መጠኑ 1/144 (ከታሪኩ ሮቦት 144 ጊዜ ያነሰ) ስለሆነ በታሪኩ 18 ሜትር የሆነ ሮቦት 12.5 ሴንቲሜትር ይሆናል ማለት ነው። አርጂ የሚባለው ደረጃም መጠኑ ያው ነው፣ ግን ክፍሎቹ በጣም ደቃቅ ናቸው፤ ለመመለሻ አይመችም። ፒጂ የሚባለውን ትልቁን ደረጃ፣ የ1/60ውን፣ ጭራሽ አታስበው፤ እጅህ ሲፈታ ይደርሳል።

ደግሞ የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ መቀባት ግዴታ አይደለም። እኔ ብሆን አልቀባውም። የሥራው ጥራት የሚታየው ከቀለሙ በፊት ነውና ጊዜህን አቆራረጡ ላይ አውለው። ክፍሉን ተያይዞ ከሚመጣበት የፕላስቲክ ፍሬም ስትለይ መጀመሪያ ራቅ አድርገህ ቁረጥ፣ ከዚያ የቀረችውን ጫፍ ለብቻዋ አንሳት። በአንድ ጊዜ ተጠግተህ ከቆረጥክ ፕላስቲኩ ይጨነቅና ነጭ ጠባሳ ይተዋል፣ በጥቁርና በሰማያዊ ክፍሎች ላይማ በጣም ያስጠላል። ቀጥለህ በ400 የብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በ600፣ ከዚያ በ1000 አለስልሰው። በሮቦቱ አካል ላይ ባሉት ቀጫጭን ቦዮች ውስጥ ጥቁር መስመር አስምርና መጨረሻ ላይ የማያብለጨልጭ ክሊር (ቀለም አልባ ቅብ) ንፋበት። ይህ አንድ ቅብ የብርጭቆ ወረቀቱን ጭረት ይሸፍናል፣ የአሻንጉሊቱን ብልጭልጭታም ያጠፋል፤ ሮቦቱ ከባድ ብረት ይመስላል። ዓይኑንና ሌሎች ብርሃን አሳላፊ ክፍሎችን ግን ቀድመህ አውጣ፣ ይደበዝዛሉ። አየሩ እርጥበት ባለው ቀንም አትንፋ፣ ቅቡ ነጭ ጉም ያወጣል።

አንድ ነገር አደራ። ለመስመር የሚሆነው ኢናሜል የተባለ ፈሳሽ ቀለም ኤቢኤስ በተባለው ፕላስቲክ የተሠሩ መገጣጠሚያዎች ውስጥ ከገባ ይሰነጥቃቸዋል፤ በተለይ ክፍሉ ተገጥሞ ተወጥሮ እያለ ከሆነ። የትኛው ክፍል ከምን እንደተሠራ ፍሬሙ ላይ ተጽፏል፣ አንብበው። ለመገጣጠሚያዎቹ በውሃ የሚሠራ ብዕር ተጠቀም።

ወደ ቀለሞችህ ልምጣ። ላከሩ የወፈረ ብቻ ከሆነ በራሱ ቲነር ይመለሳል። በውሃ የሚሠራው አክሪሊክ እንደ ጎማ ከረጋ ግን አትድከም፣ ጣለው። ስትደራርብ ላከሩ ከሥር፣ ኢናሜሉ ከላይ ይሁን። እንዲህ ከሆነ የተሳሳትከውን በኢናሜል ቲነር ብትጠርገው የሥሩ ቅብ አይነካም። ገልብጠህ ከቀባህ ግን ላከሩ ሥሩን ያፈርሰዋል።

እጄ ይንቀጠቀጣል ብለህ አትፍራ። ሁለቱንም አንጓዎችህን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፍ፣ ቀለሙን አቅጥን፣ አንዴ አወፍሮ ከመቀባት በስሱ ደጋግመህ ቀባ፣ በየመሃሉም እስኪደርቅ ጠብቅ። አብዛኛው ሰው የሚያበላሸው በእጁ ሳይሆን በችኮላው ነው።

ቲነርና ስፕሬይ ስትጠቀም ደግሞ መስኮት ክፈት፣ የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ካርትሪጅ ያለው ማስክም አድርግ። ተራው የጨርቅ ማስክ ትነቱን አያቆመውም። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ቅቡን ውጭ ሥራው፣ እስኪደርቅም እዚያው ይቆይ።