ለግቢዎ ስንት መኪና አፈር ይበቃል?

ከጎንደር ማራኪ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «ግቢዬ 12 በ8 ሜትር ነው። ከቤቱ ወደ አጥሩ ይወርዳል፤ አጥሩ ሥር 60 ሳንቲም ዝቅ ይላል። አስደልድዬ ሣርና ጌሾ ልተክል ነው። ባለመኪናው 58 ሜትር ኪዩብ አፈር ይፈጃል አለኝ። እውነት ነው?»

አይደለም እናቴ፣ በዝቷል። ሰውየው 12ን በ8፣ እሱን ደግሞ በ0.6 አባዝቶ ነው። ይህ የሚሠራው ግቢው ከዳር እስከ ዳር 60 ሳንቲም ቢጎድል ነበር። የእርስዎ ግን ቤቱ ጋ ምንም አይጎድልም።

ስፓጎ (የግንበኛ ሲባጎ) ከቤቱ ሥር ከመሬቱ ልክ ጀምረው እስከ አጥሩ ቀጥ አድርገው ይወጥሩ። ልኩን በዓይን አይመኑ። ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልተው አንዱን ጫፍ ቤቱ ጋ፣ ሌላውን አጥሩ ጋ ይያዙ፤ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል፣ ስፓጎውን በዚያ ልክ ያስተካክሉ። ከዚያ ግቢውን 4 በ4 ሜትር አድርገው ስድስት ቦታ ይክፈሉትና በየክፍሉ መሐል ከስፓጎው እስከ መሬቱ ይለኩ። 10፣ 12፣ 28፣ 32፣ 50፣ 54 ሳንቲም አገኙ እንበል። ተደምሮ ለስድስት ሲካፈል 31 ነው። 96 ካሬ በ0.31፣ ወደ 30 ኪዩብ።

ግን ጨርሶ ሜዳ አያድርጉት። የጎንደር ክረምት ሲወርድ ውሃው ቤትዎ ሥር ይተኛል። ከቤቱ ወደ አጥሩ በየሜትሩ 1 ሳንቲም ዝቅ እያለ ይሂድ፤ ርዝመቱ 12 ሜትር ከሆነ አጥሩ ጋ 12፣ በአማካይ 6 ሳንቲም ማለት ነው። ይህ ብቻ ወደ 6 ኪዩብ ይቀንስልዎታል። 24 ቀረ።

አፈር ሲጠቀጠቅና ሲረጥብ ይሰምጣል። ስለዚህ ሩቡን ይጨምሩ፤ 30 ኪዩብ። 16 ኪዩብ የሚይዝ ሲኖትራክ ከሆነ ሁለት ቢያጆ ይበቃል። መኪናው ሲመጣ የጭነቱን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ራስዎ ይለኩ፤ የሚያሳፍር ነገር የለም። ከማስራገፍዎ በፊት የግቢውን የላይኛውን 15 ሳንቲም አፈር አስጠርገው ያስቀምጡ። ሣሩ የሚወደው እሱን ነው፤ መጨረሻ ላይ ይመለስ። ሙሌቱ በየ20 ሳንቲሙ እየተጠቀጠቀ ይሞላ። ዋልካ (ጥቁር ጭቃ አፈር) ግን አይቀበሉ፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል።

እኔን ያስጨነቀኝ አጥርዎ ነው። ከምን እንደተሠራ አልነገሩኝም። ተራ የብሎኬት አጥር አፈር እንዲሸከም አልተሠራም። ግማሽ ሜትር እርጥብ አፈር ሲገፋው ያዘማል፤ ክረምት አጋማሽ ላይ ጎረቤት ግቢ የወደቀ አጥር አይቻለሁ፣ ልጆች ሲጫወቱበት በሚውሉበት ቦታ። አፈሩ ከአጥሩ ፈንጠር ብሎ በራሱ የድንጋይ ድጋፍ ግንብ ይያዝ። ከግንቡ ጀርባ ጠጠር ይግባ፣ ከታች በየሜትር ተኩሉ የውሃ መውጫ ቱቦ ይተውለት። ግንበኛ መጥቶ ይህን ሳያይልዎ መኪናውን አይጥሩ።