ቆስጣው ውሃ እየጠጣ ለምን ይጠወልጋል? (መልስ)

ችግሩ የውሃ ማነስ ሳይሆን አፈሩ ራቁቱን መሆኑ ነው። «ጠዋት ማታ አጠጣለሁ፣ ቀትር ላይ ግን ቆስጣዬ ይተኛል» ያልከው በአዳማ ፀሐይና ነፋስ የሚጠበቅ ነው፤ ላይ ላዩን ያረጠብከው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይተናል።

1. አፈሩን የጤፍ ጭድ 4 ጣት ያህል አልብሰው። ግንዱን ግን አታስነካው፣ ይበሰብሳል።

2. በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመርጨት በ2 ወይም በ3 ቀን አንዴ፣ አመሻሽ ላይ፣ እስኪጠግብ አጠጣው። ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። ከተጠራጠርክ ጣትህን አፈሩ ውስጥ ክተት፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ተወው። (አዲስ የተተከለ ችግኝ የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ ይፈልጋል።) ጎመንና ድንች ያጠብክበትን ውሃም አትድፋው፤ ሳሙና ካልነካው ይሆናል።

በነፋሱ በኩል ሁለት መስመር በቆሎ ብትዘራ ደግሞ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ትኩስ የዶሮ ኩስ እንዳትጨምር። እኔ ከጎረቤት አንድ ጆንያ አምጥቼ የቲማቲም ችግኝ ሥር በተንኩት። በ4ኛው ቀን የቅጠሉ ጫፍ የተቆላ ቡና መሰለ፤ 12ቱም ሞቱ። አሁን ከደረቅ ቅጠልና ከጭድ ጋር ከምሬ፣ እያገላበጥኩ፣ ሽታው ጠፍቶ አፈር አፈር ሲል ነው የምጠቀምበት።