ኖት ከየት መጣ? ወደ ባሕር ለምትሰማሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በመርከብ ላይ ለመሥራት የምትሠለጥኑ ሁሉ አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1.852 ኪሎ ሜትር እንደሆነ ገና ከጅምሩ ትሸመድዳላችሁ። አብረውኝ የጥበቃ ተራ ከቆሙት ወጣት መኮንኖች ቁጥሩን የሚስት አልነበረም፤ ልኩ እንዴት እንደተገኘ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነበር። ኖት ማለት ቋጠሮ ነው፤ በሸራ መርከብ ዘመን በእጅ የሚቆጠር የገመድ ቋጠሮ።

የክብ ሩብ ቅርጽ ያለውና ክብ ጠርዙ በእርሳስ የከበደ ጣውላ በረጅም ገመድ ታስሮ ከመርከቧ ኋላ ይጣል ነበር። እርሳሱ ጣውላውን ቀጥ አድርጎ ስለሚያቆመው ውኃው ይይዘዋል፤ መርከቧ እየራቀች ስትሄድም ገመዱ ይተረተራል። የገመዱ መጀመሪያ፣ ጣውላው መርከቧ ከምታተራምሰው ውኃ እስኪወጣ ድረስ ስለሚለቀቅ፣ አይቆጠርም፤ ማብቂያውን የሚያሳየው የጨርቅ ቁራጭ የመርከቧን ጠርዝ ሲያልፍ አንዱ መርከበኛ የአሸዋውን ሰዓት ይገለብጣል፤ አሸዋው ሲያልቅ ይጮኻል፤ ሌላው ገመዱን ጨብጦ ያስቆምና ያለፉት ቋጠሮዎች ይቆጠራሉ። ዘግይቶ በጸናው አሠራር አሸዋው 28 ሰከንድ ይፈጃል፤ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ያለው ርቀትም 47 ጫማ ከ3 ኢንች ነው። 28 ሰከንድ የሰዓት ስንት እጅ እንደሆነ ብታሰሉ፣ ይህም ርቀት ከባሕር ማይል ያንኑ ያህል እጅ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ የቋጠሮው ቁጥር ራሱ ፍጥነቱ ነው፤ «ኖት በሰዓት» የሚል ሰው ስሰማ እስከ ዛሬ ጆሮዬን ይጎረብጠኛል።

ዘዴውን እንግሊዛዊው ዊልያም ቦርን እ.ኤ.አ. በ1574 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል። በቀድሞው ልማድ ቋጠሮዎቹ በ42 ጫማ ይራራቁ ነበር፣ የአሸዋው ሰዓትም 30 ሰከንድ ነበር። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሪቻርድ ኖርውድ ከለንደን እስከ ዮርክ ያለውን ርቀት ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1637 ባወጣው ሥራ የባሕር ማይል ከታሰበው እንደሚረዝም፣ ቋጠሮዎቹም ወደ 50 ጫማ ሊራራቁ እንደሚገባ አሳየ። ብዙ መርከበኞች ግን አጭሩን ልክ አልተዉም። ይህን በግትርነት ብቻ አልተረጉመውም፤ ልኩ ሲያጥር መርከቧ ከእውነተኛው በላይ የፈጠነች ስለምትመስል፣ የብስ ገና ሳይደረስበት ጥንቃቄ ይጀመራል። የብስ ሳይታሰብ በሌሊት ቢደርስባቸው ግን የሚከተለውን እናንተም ትገምታላችሁ።

ጣውላው ሎግ ይባል ነበር፤ የተለካው ፍጥነት የሚሰፍርበት መዝገብ ሎግ ቡክ የተባለው፣ በኮምፒዩተር ላይ ሎግ ኢን የምትሉትም ከዚያ የመጣ ነው።

አንድ ነገር ግን ጣውላው ከቶ አይለካም። የባሕር ሞገድ፣ ማለትም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚፈስሰው ውኃ፣ ጣውላውንም መርከቧንም አብሮ ስለሚወስድ፣ የሚታወቀው በውኃው ውስጥ ያለው ፍጥነት እንጂ ከምድር አንጻር ያለው አይደለም። ዛሬም በማዘዣው ክፍል፣ በጣውላው ፈንታ በውኃው ውስጥ ያለውን ፍጥነት የሚለካው መሣሪያ ሎግ ሲባል፣ የሎጉና ከምድር አንጻር ያለውን ፍጥነት የሚያሳየው የጂፒኤሱ ንባብ የሚለያየው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በክረምቱ ነፋስ ወራት በሶማሊያ ጠረፍ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በብርቱ የሚፈስሰው ሞገድ ልዩነቱን ገሃድ ያወጣዋል፤ በውኃው ውስጥ 12 ኖት የምትጓዝ መርከብ የ3 ኖት ሞገድ ከኋላ ሲገፋት 15፣ ከፊት ሲገጥማት 9 ኖት ትሄዳለች። ስለዚህ ተራችሁን ስትረከቡ ሁለቱንም ለየብቻ መዝግቡ፤ ወደብ የምትደርሱበትን ሰዓት በጂፒኤሱ አስሉ፤ ከሌላ መርከብ ጋር ግጭትን ለማስወገድ በራዳር ስትከታተሉ ግን የሎጉን ፍጥነት ተጠቀሙ።