ተከራይ ጥሎት ስለሄደው 80 ጎማ

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት፣ ለገጣፎ ግቢሽን የተከራየው ጎሚስታ 80 የሚሆን አሮጌ ጎማ ጥሎብሽ ጠፋ፣ ላቃጥለው ወይስ የሚገዛ አለ፣ ወይስ ወደ ነዳጅ የሚቀይረውን ማሽን ላስመጣ ነው ያልሽው። እኔ ቱሉ ዲምቱ ጋ 11 ዓመት ጎሚስታ ሰርቻለሁ፣ ጣጣውን አውቀዋለሁ።

ማቃጠሉን በናትሽ እርሺው። ስራ ስጀምር ሽቦውን እሸጣለሁ ብዬ አንድ የሲኖትራክ ጎማ ከጓሮ ለኮስኩ፣ ውሃ ብደፋበት ብደፋበት እምቢ ብሎ ሲጨስ አመሸ፣ ጎረቤታችን እትዬ ያሰጡት ነጠላ ጥላሸት ሆኖ ቀረ፣ እስካሁን ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሽቦውም ተመዝኖ ምሳ እንኳን አልሸፈነልኝ።

ዋናው ነገር ጎማ ሁሉ አንድ አይደለም፣ መጀመሪያ ለዪው። ጎኑ ላይ መጠኑ ተጽፏል፣ ቁጥሮቹ መሀል አር የምትለዋ የፈረንጅ ፊደል ካለች ራዲያል ነው፣ ጥርሱ ስር የሽቦ መረብ አለው። እንደ 7.50-16 ሰረዝ ብቻ ከሆነ ናይለን ነው፣ በረባሶ ሰሪዎች የሚወዱት እሱን ነው። ሲሰሩ አይቻለሁ፣ ቢላውን ውሃ እየነከሩ፣ ጫፉን በፒንሳ ይዘው ንብርብሩን እየገሸለጡ ለሶል እስኪሆን ያሳሱታል፣ ሽቦ ካለው ግን ቢላውንም እጅንም ይጨርሳል። የቤት መኪና ራዲያል ጎንና ጎኑ ክር ስለሆነ እሱ ይቆረጣል፣ የከባድ መኪና ራዲያል ግን ጎኑም ሽቦ ነው አትድከሚ። ካላማዳሪ፣ ማለት ንፋስ የሚሞላበትን የውስጥ ጎማ፣ ካገኘሽ ለብቻ አስቀምጪ፣ ለጭነት ማሰሪያ ቶሎ ይሄዳል። ብቻ ጭነሽ መርካቶ ምናለሽ ተራ እንዳትሄጂ፣ የመኪናው ኪራይ ትርፉን ይበላዋል፣ ገዢው ራሱ ይምጣ። ያለቀውን ጥርስ በቢላ እንደ አዲስ ቀርጸው መልሰው ለመንገድ የሚሸጡም አሉ፣ ለነሱ ግን ባትሰጪ፣ የሰው ነፍስ ነው።

ማሽኑ ደግሞ የሚሰራው ጎማውን አየር በሌለበት ከ400 እስከ 500 ዲግሪ እያሞቀ ነው፣ ከ1 ቶን ወደ 400 ኪሎ ዘይት ይወጣል፣ ቀሪው ጥቁር ዱቄት፣ ሽቦና ጋዝ ነው። ዘይቱ ድኝ ስላለበት እንዲሁ መኪና ውስጥ አይገባም። ሁሉም የቤት መኪና ጎማ ሆኖ አንዱ 8 ኪሎ ቢሆን ያንቺ 80ው ቶን እንኳን አይሞላም፣ ታዲያ ነገ ማሽኑን ምን ልታበይው ነው?

እስኪሸጥ ሸራ አልብሺው፣ ውስጡ ዝናብ ከተጠራቀመ ትንኝ ይፈለፈልበታል። ስንቱ ናይለን እንደሆነ ቆጥረሽ ጻፊልኝ፣ የማውቃቸው በረባሶ ሰሪዎች አሉ እጠይቅልሻለሁ።